አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፦ በቶሮንቶ የብስክሌት መስመሮች ላይ የተነሣው ሙግት

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ብስክሌት እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ስደትና ስለ አገር ቤት ፖለቲካ ስንነጋገርበት በኖርንበት ቦታ ስለ ሁለት ጎማ መናገር ለአንዳንዶቻችሁ የሥራ ፈት ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ እኔ የምኖርባት የቶሮንቶ ከተማ ከ2024 ኦክቶበር ጀምሮ በብስክሌት መስመር ሰበብ የገባችበት ሙግት ከብስክሌት እጅግ ያለፈ ነው። (ቀኖቹንና ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) መንግሥት አንድ ድርጊት የሰው ሕይወት አደጋ ላይ እንደሚጥል እየተነገረው፣ ድርጊቱም የታሰበለትን ጥቅም እንደማያስገኝ እየተነገረው፣ «ስለመረጣችሁኝ አደርገዋለሁ» ማለት ይችላልን? ይህ ጥያቄ ደግሞ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም።

ወሬውን የጀመርኩት እኔ አይደለሁም። በዚያው ሰሞን በዳንፎርዝ ጎዳና ከሚገኙት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ተቀምጠን ነበር። ዳንፎርዝን የማታውቁ ካላችሁ፣ የግሪንዉድን መገናኛ አልፎ ወደ ምሥራቅ ሲኬድ የቡና ቁሌት መንገድ ድረስ የሚሸትበት፣ የእንጀራና የበርበሬ ሱቁ ከምግብ ቤቱ ጋር የተጎራበተበት የእኛ ሰፈር ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ሰው በዕድሜ ይበልጡኛል፤ ጋሼ ነው የምላቸው፤ በዚህች ከተማ ታክሲ መንዳት ከጀመሩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። «ዶክተር፣ ሰማህ ወይ? ፎርድ ያን የብስክሌት መስመር ሊነቅልልን ነው፤ ዕድሜ ይስጠው!» አሉኝ። ጠረጴዛውን የከበበው ሁሉ ሳቀ፤ አብዛኛውም ራሱን ነቀነቀ። እኔ በዚያ ቀን ብስክሌቴን ከበሩ አጠገብ ካለ ምሰሶ ጋር አስሬ ነበር የገባሁት። ዝም አልኩ።

ዝም ያልኩት ግን ፈርቼ ብቻ አይደለም። ለዶክትሬት ዲግሪዬ በምማርበት ዘመን አምስት ዓመት ያህል ሌሊት ሌሊት ታክሲ ነድቻለሁ፤ የቤት ኪራዬን የከፈለልኝ መጽሐፍ ሳይሆን መሪ ነው። አንዲት አሮጊት ሻንጣዋን ይዛ እስክትወርድ ድረስ ዳር የሚያዝበት ቦታ ጠፍቶ ከኋላ የክላክስ ጩኸት ሲያደነቁር፣ ቆጣሪው ሲሄድ ደንበኛው ሲነጫነጭ፣ ለአንድ ደቂቃ መቆም የቀን ገቢ የሚበላ ቅጣት ሲያመጣ ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። ስለዚህ የጋሼ ምሬት ከየት እንደሚመነጭ አልጠፋኝም። ዛሬ የምጽፈው በዚያ ጠረጴዛ ላይ ያላልኩትን ነው።

በቅድሚያ ነገሩን እናስታውስ። የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር መንግሥት ኦክቶበር 21 ቀን 2024 «መጨናነቅን የመቀነስና ጊዜዎን የመቆጠብ» የሚል ማራኪ ስም ያለው፣ በተለምዶ ቢል 212 የሚባል ረቂቅ ሕግ አቀረበ። ረቂቁ ሲቀርብ ከተሞች የመኪና መስመር የሚቀንስ አዲስ የብስክሌት መስመር ከመሥራታቸው በፊት የክፍለ ሀገሩን ፈቃድ እንዲጠይቁ የሚያስገድድ ነበር። በምክር ቤቱ እጅ እያለ ግን ከበደ፤ በብሉር፣ በያንግና በዩኒቨርሲቲ ጎዳናዎች ላይ አስቀድሞ የተሠሩት መስመሮች ተነሥተው ለመኪና እንዲመለሱ የሚያዝ ድንጋጌ ተጨመረበት። ሌላም ተጨመረበት፤ መስመሮቹ በመነሣታቸው ሰው ቢጎዳ ወይም ቢሞት መንግሥት እንዳይከሰስ የሚከለክል አንቀጽ። እባካችሁ ይህችን አንቀጽ በልቡናችሁ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ። ሕጉ በወሩ፣ ኖቬምበር 25 ቀን ጸደቀ።

እነዚህ መስመሮች በአንድ ሌሊት የበቀሉ አልነበሩም። በብሉር ጎዳና ላይ የመጀመሪያው ክፍል፣ ከሾው ጎዳና እስከ አቬኑ ሮድ ያለው 2.4 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በ2016 ለሙከራ ነበር የተሰመረው። ሙከራው ተጠና፤ የመኪና ጉዞ በጥቂት ደቂቃዎች መዘግየቱም፣ የአደጋ ስጋት መቀነሱም፣ በአካባቢው ሱቆች የደንበኞች ቁጥርና ወጪ ከመቀነስ ይልቅ መጨመሩም ተመዘገበ። የከተማው ምክር ቤት በ2017 በሰፊ የድምፅ ብልጫ ቋሚ አደረገው። በ2020 ወረርሽኙ ሲገባ ዩኒቨርሲቲ ጎዳናና የእኛው ዳንፎርዝ ተጨመሩ፤ በ2021 ያንግ ተከተለ፤ ከዚያም የብሉር መስመር ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኢቶቢኮክ ተዘረጋ። ቁጣው የነደደው እዚህ ላይ ነው። ኢቶቢኮክ መኪና የሌለው ሰው ሙሉ ሰው የማይመስልበት ሰፈር ነው፤ የክፍለ ሀገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር የዳግ ፎርድም መንደር ነው።

የፎርድ ቤተሰብና የብስክሌት መስመር ደግሞ የቆየ ቂም አላቸው። ሟቹ ወንድማቸው ሮብ ፎርድ ከንቲባ፣ ዳግ ፎርድም የምክር ቤት አባል በነበሩበት ዘመን፣ በ2010 የተሰመረው የጃርቪስ ጎዳና የብስክሌት መስመር እንዲነሣ በ2011 ተወሰነ። በ2012 ኖቬምበር ሠራተኞች ቀለሙን ሊፍቁ ሲመጡ ተቃዋሚዎች አስፋልቱ ላይ ተቀምጠው መኪናውን ለጥቂት ጊዜ አገዱት። ከዚያ በኋላ ቀለሙ ተፋቀ፤ ነገሩም ተረሳ። ያን ጊዜ ቢያንስ የወሰነው መስመሩን የሠራው ምክር ቤት ራሱ ነበር። በ2024 ግን የወሰነው ከተማዋን የማያስተዳድር የበላይ አካል ነው። የከተማው ምክር ቤት በአብላጫ ድምፅ ተቃወመ፤ የከተማው ባለሙያዎችም መስመሮቹን ለማስነሣት ቢያንስ 48 ሚሊዮን ዶላር እንደሚፈጅ፣ ለመሥራት የወጣው 27 ሚሊዮን ዶላር ግድም መሆኑን አስታወቁ። የክፍለ ሀገሩ መሪዎች ቁጥሩን አጣጣሉት። እንግዲህ ይታያችሁ፤ ከማሠሪያው ማፍረሻው ይበልጣል፤ ለሁለቱም የሚከፍለው ያው የእኛው ግብር ነው።

እዚህ ላይ ለጋሼ ፍትሐዊ መሆን አለብኝ። የቶሮንቶ መጨናነቅ እውነት ነው፤ ሰው ከሥራ ወደ ቤቱ እየተንፏቀቀ፣ ልጁ ተኝቶ ሳለ የሚደርስባት ከተማ ሆናለች። ግን ማን አጨናነቃት? የኤግሊንተን የከተማ ባቡር ግንባታ በ2011 ተጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ አንድ ትልቅ ጎዳና ሲቆፍር ኖሯል፤ ያን ያሠራው የክፍለ ሀገሩ ተቋም ነው። ለሌላ ባቡር ሲባል ከ2023 ጀምሮ የመሐል ከተማው የኩዊን ጎዳና ከፊሉ ተዘግቷል። በ2024 የጋርዲነር ፈጣን መንገድ ለጥገና ሲባል መስመሮቹ ተቀነሱ። የሰዉ ቁጥር ባለፉት ዓመታት ጨምሯል፤ ኪራይ የሸሸው ሕዝብ ከከተማው ርቆ ይሰፍርና በመኪና ይመለሳል። በሰሜን በኩል የሚያልፈው አውራ ጎዳና 401 በሰፊው ቦታ ላይ 18 መስመር አለው፤ አንድም ብስክሌት አይደርስበትም፤ ሆኖም በሥራ መውጫ ሰዓት ቆሞ የሚያድር ይመስላል። ብስክሌት የሌለበት 18 መስመር ካልበቃ፣ ከብሉር ላይ የሚነጠቅ አንድ መስመር በቃኝ ያሰኛልን? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ባቡሩን ያዘገየ፣ ቤት ያስወደደ፣ ከተማን በመኪና ልክ የሰፋ ፖሊሲ መጠየቅ ሲገባው፣ የራስ ቁር ያጠለቀች ተማሪና ምግብ የሚያመላልስ ስደተኛ ተጠያቂ ሆኑ።

ምግብ የሚያመላልሰውን ስደተኛ ያነሣሁት ለማሳዘን አይደለም። ስለ ብስክሌተኛ ሲነገር በብዙዎቻችን ዓይነ ልቡና የሚመጣው ጥብቅ ልብስ የለበሰ፣ ቡናውን በሰባት ዶላር የሚጠጣ የመሐል ከተማ ነጭ ነው። በዳንፎርዝ መስመር ላይ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ቆማችሁ እዩ። ጀርባቸው ላይ ያን አራት ማዕዘን ቦርሳ ያነገቱት ወጣቶች ከየት የመጡ ናቸው? ከሕንድ፣ ከናይጄሪያ፣ ከኤርትራ፣ ከእኛም ከየቤታችን። ከመጡ ገና ዓመት ያልሞላቸው፣ መንጃ ፈቃድም ኢንሹራንስም ያልደረሰላቸው ልጆች ናቸው። ጋሼ በእነርሱ ዕድሜ ታክሲ ይዘው ነበር የጀመሩት፤ ዛሬ ያ በር በመተግበሪያ ኩባንያዎች ምክንያት ጠብቧል፤ የዛሬው ልጅ የሚጀምረው በፔዳል ነው። እንግዲህ በአንድ ጎዳና ላይ የሚጣሉት የመኪናና የብስክሌት ሰዎች የተለያዩ ሕዝቦች አይደሉም፤ የአንድ ስደት ታላቅና ታናሽ ናቸው።

አሁን ወደ አደጋው እንምጣ። በ2024 በቶሮንቶ ጎዳናዎች ላይ ስድስት ብስክሌተኞች ተገድለዋል። ከእነዚህ መካከል በጁላይ ወር በብሉር ጎዳና፣ በአቬኑ ሮድ አቅራቢያ የሞተችው የ24 ዓመት ወጣት ነገር ከአእምሮዬ አይወጣም። ልጅቷ ትሄድ የነበረው በብስክሌት መስመሩ ላይ ነው። መስመሩ ላይ የግንባታ ፍርስራሽ የሚጠራቀምበት ገንዳ ተጎልቶበታል። እርሱን ለማለፍ ወደ መኪናው መስመር ወጣች፤ ገልባጭ መኪና ገጫት። እስቲ ቆም ብለን እናስብ። መስመሩ በነበረበት ርዝመት ሁሉ ልጅቷ ደህና ነበረች፤ የሞተችው መስመሩ በተቋረጠበት ጥቂት ሜትር ላይ ነው። ከሦስት ወር በኋላ መንግሥት ያመጣው ሐሳብ ገንዳው እንዳይቀመጥ መከልከል አልነበረም፤ ጎዳናውን በሙሉ ገንዳው እንደነበረበት ቦታ ማድረግ ነበር። እኔ በዚያ ስፍራ በሳምንት አራት ቀን አልፋለሁ። ዳንፎርዝንና ብሉርን የሚያገናኘውን፣ በ1918 የተከፈተውን ታላቁን ድልድይ ተሻግሬ ወደማስተምርበት የምሄደው በዚያ ነው። ባለፍኩ ቁጥር የሚሰማኝን እዚህ አልጽፈውም።

ሕዝቡስ ምን አደረገ? በዚህ በኩል ቶሮንቶ ከጃርቪስ ዘመን ተምራለች። በ2012 አስፋልት ላይ የተቀመጡት ጥቂት ሰዎች ነበሩ። በ2024 ግን ብስክሌተኞች በብዛት ተሰልፈው ወደ ክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት፣ ወደ ኩዊንስ ፓርክ ጋለቡ፤ ሐኪሞች ጻፉ፤ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጋራ ፈርመው ተቃወሙ፤ የከተማው ምክር ቤት በድምፅ ተናገረ። ይህ ሁሉ ሕጉን አላስቆመውም። ከዚያ በኋላ ሳይክል ቶሮንቶ የሚባለው ማኅበርና ሁለት ግለሰብ ብስክሌተኞች ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት። በዚህ መካከል፣ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2025 ምርጫ ተካሄደ፤ የፎርድ ፓርቲ ለሦስተኛ ጊዜ በአብላጫ መቀመጫ አሸነፈ። እኔም ነገሩ ያበቃለት መስሎኝ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን በኤፕሪል 2025 ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ መስመሮቹ እንዳይነሡ አገደ፤ ጁላይ 30 ቀን 2025 ዳኛ ፖል ሻባስ ፍርዳቸውን ሰጡ። መስመሮቹን ማንሣት በካናዳ የመብቶችና የነጻነቶች ቻርተር አንቀጽ 7 የተጠበቀውን የሕይወትና የአካል ደኅንነት መብት የሚጥስ ነው አሉ።

ይህን ፍርድ ብዙ ሰው በተሳሳተ መንገድ ተረድቶታል። በሬዲዮም፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢም፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይም የሰማሁት «ዳኛው ብስክሌት መንዳት ሰብአዊ መብት ነው አለ» የሚል ነው። አላሉም። ዳኛው በግልጽ ያስቀመጡት ማንም ሰው የብስክሌት መስመር እንዲሠራለት የሕገ መንግሥት መብት እንደሌለው ነው። መንግሥት ባይሠራው ኖሮ ክስ አይኖርም ነበር። ጥያቄው ሌላ ነው፤ አንድ ጊዜ ሰውን ከአደጋ የሚጠብቅ ነገር ተሠርቶ ሳለ፣ መንግሥት ያን ጥበቃ በሕግ ቢያነሣና በዚህም ሰዎችን ለሞትና ለጉዳት ቢያጋልጥ፣ ምክንያቱ ሊመረመር ይገባል ነው ነገሩ። ምክንያቱ ሲመረመር ምን ተገኘ? ሕጉ የወጣው መጨናነቅን ለመቀነስ ነው ተባለ። ይቀንሳል የሚል የሚያጠግብ ማስረጃ ግን አልቀረበም። ይልቁንም መንግሥት ራሱ ቀጥሮ ያስጠናቸው ባለሙያዎች መስመሮቹን ማንሣት መጨናነቁን ላይቀንስ፣ አደጋን ግን ሊጨምር እንደሚችል አስጠንቅቀው ነበር። እንግዲህ ግቡን የማያሳካ፣ ጉዳቱ ግን የታወቀ ድርጊት በሕግ ቋንቋ ዘፈቀዳዊ ይባላል፤ ጉዳቱም ከጥቅሙ ጋር ፈጽሞ የማይመጣጠን ነው። ዳኛው የፈረዱት በዚህ ላይ ነው።

በልቡናችሁ ያዙልኝ ያልኳችሁን አንቀጽ አሁን አምጡልኝ። መንግሥት መስመሮቹ ቢነሡ ማንም አይጎዳም ብሎ ከልቡ የሚያምን ቢሆን ኖሮ፣ ተጎጂው እንዳይከሰው አስቀድሞ በሕግ የሚከለክልበት ምን ምክንያት ነበረው? ዝናብ አይዘንብም እያለ ጃንጥላ የሚይዝ ሰው የሚያምነው በአፉ የሚናገረውን ነው ወይስ በእጁ የያዘውን? እኔ የሕግ ሊቅ አይደለሁም፤ ነገር ግን ይህን ሕግ ከዳር እስከ ዳር ሳነብ እንቅልፍ የነሣኝ የመስመሮቹ መነሣት ሳይሆን ይህች አንቀጽ ናት። አገር ቤት እያለን «ላልታወቀ ጉዳት ተጠያቂ አንሆንም» የሚሉ ማስታወቂያዎችን በየሆቴሉ ግድግዳ ላይ እያየን ስቀናል። መንግሥት ሲለጥፈው ግን አያስቅም።

«ሕዝብ የመረጠውን መንግሥት አንድ ያልተመረጠ ዳኛ እንዴት ያግደዋል?» የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ጠቅላይ ሚኒስትሩም በፍርዱ ላይ የሰነዘሩት ቁጣ ይኸው ነበር፤ ይግባኝ እንደሚሉም አስታወቁ። የትራንስፖርት ሚኒስትሩም ሕጉን ሲከላከሉ ደጋግመው የጠሩት ቁጥር ነበር፤ ወደ ሥራ በብስክሌት የሚሄደው 1.2 በመቶው ሕዝብ ብቻ ነው የሚል። የቁጥሩ አሰላል ሲያከራክር ከርሟል። እኔ ግን ለክርክሩ ስል ትክክል ነው ብዬ ልቀበለው። 1.2 በመቶ ሕዝብ ምን ማለት ነው? በዚህች ከተማ እኛ ኢትዮጵያውያን አንድ በመቶ እንኳ አንሞላም። በቁጥራችን ልክ ብቻ ጥበቃ የሚሰጠን ቢሆን ኖሮ ከአገራችን ስንሰደድ የተቀበለን የስደተኞች ሕግ፣ በቋንቋችን አስተርጓሚ ያቆመልን ፍርድ ቤት፣ ሃይማኖታችንን ጠይቆ እንዳያባርረን አሠሪያችንን የሚያግድ ሕግ ከየት ይመጣ ነበር? ብዙኃኑ መንግሥትን ይመርጣል፤ ይህ ተገቢ ነው። የጥቂቶች ነፍስ ግን በብዙኃኑ የድምፅ ካርድ ላይ የሚሰፍር ጥያቄ አይደለም። እኛ የ1997ቱን ምርጫና ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየን ሰዎች (ይህን እንኳ በራሳችን አቆጣጠር ልጥራው) «አሸንፌአለሁ፤ ስለዚህ የፈለግሁትን አደርጋለሁ» የሚለው አስተሳሰብ የት እንደሚያደርስ ከማንም ልንማር አይገባም ነበር።

የካናዳ ሕገ መንግሥት የራሱ ቀዳዳ እንዳለው አልክድም። ቻርተሩ በአንቀጽ 33 መንግሥታት አንቀጽ 7ን ጨምሮ አንዳንድ መብቶችን በሕግ ወደ ጎን እንዲያደርጉ ይፈቅዳል፤ የኦንታሪዮ መንግሥት በሌሎች ጉዳዮች በ2021ም በ2022ም ተጠቅሞበታል። ከተሞች ደግሞ በሕገ መንግሥቱ ፊት የራሳቸው እግር የላቸውም፤ የክፍለ ሀገር ፍጡራን ናቸው። ይኸው መንግሥት በ2018 የምርጫ ዘመቻ እየተካሄደ ሳለ የቶሮንቶን ምክር ቤት ከ47 ወደ 25 የምርጫ ወረዳ ሲያጥፈው ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2021 በአምስት ለአራት ድምፅ ጸንቷል። በ2025 መገባደጃም ከብሉር ፍርድ በኋላ ሌላ ሕግ ወጥቶ ከተሞች ለብስክሌት ሲሉ የመኪና መስመር እንዳይቀንሱ ተከለከሉ። የተሠራውን ማፍረስ ቢያስከስስ፣ እንዳይሠራ መከልከል አያስከስስም የሚል ስሌት ይመስላል፤ የፍርዱንም ወሰን ካየን ስሌቱ ሞኝነት አይደለም።

ይህን ሁሉ ስጽፍ አገር ቤት ያላችሁ አንባቢዎቼ «እኛን ምን አገባን?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እናንተም ብስክሌት መስመር አላችሁ። እኔ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ባሕር ዳር ከዘንባባው ቀጥሎ የምትታወቀው በብስክሌቷ ነበር፤ አስተማሪውም፣ ነርሱም፣ ዘብጥያ የሚጠብቀው ፖሊስም ፔዳል ይረግጥ ነበር፤ ለብቻው የተከለለ መስመር ያስፈለገው ባጃጁና መኪናው ሲበዛ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2018 ዲሴምበር ጀምሮ «መንገድ ለሰው» እያለች በወሩ መጨረሻ እሑድ ጎዳናዎቿን ከመኪና ነጻ ማድረግ ጀመረች፤ በ2024 በተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ ሰፋፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር በየአቅጣጫው ተዘረጋ። አብዛኛው ሕዝቧ በእግሩ ለሚሄድባት፣ በመንገድ አደጋ ከሚሞተውም አብዛኛው እግረኛ ለሆነባት ከተማ ይህ በራሱ መጥፎ ነገር አይደለም፤ ጥሩ ነገር ነው።

ነገር ግን የአዲስ አበባው መስመር እንዴት ተሠራ? ማን ተጠየቀ? በፒያሳ የስንት ዘመን ጎረቤት በጥቂት ቀናት ውስጥ ተበትኖ፣ ቤቱ ፈርሶ፣ ከተማው ዳር ተወስዶ ነው ጎዳናው የሰፋው። ብስክሌት ሊነዳበት ይችል የነበረው የሰፈሩ ልጅ ዛሬ ከመስመሩ ሃያ ኪሎ ሜትር ርቆ ይኖር ይሆናል። የቶሮንቶው መስመር ሙከራ ነበረው፣ ጥናት ነበረው፣ ስብሰባና ጭቅጭቅ ነበረው፣ በስም የሚታወቅ ድምፅ ሰጪ ነበረው። ስለዚህ ሊነቅሉት ሲመጡ የሚከላከለው ሰውና የሚመዘዝ መዝገብ ተገኘ፤ ዳኛው ፊት የቀረበው ማስረጃ ከሰማይ አልወረደም፤ ከዚያ ሁሉ አሰልቺ ስብሰባና ቆጠራ የተጠራቀመ ነው። ነገ አንድ ሌላ ከንቲባ ተነሥቶ የአዲስ አበባውን መስመር ለመኪና ማቆሚያ ላድርገው ቢል በየትኛው መዝገብ ይሞገታል? ማንስ «የእኔ ነው» ብሎ ይነሣል? በትእዛዝ የመጣን ነገር በትእዛዝ ሲሄድ የሚያለቅስለት ብዙ ሰው አላየሁም። የቶሮንቶን ሙግት እንድትከታተሉት የምወተውተው ፈረንጅ ስለሚያምርብኝ ሳይሆን ለዚህ ነው።

ከፍርዱ በኋላ፣ በኦገስት 2025 መጀመሪያ፣ ያንኑ ምግብ ቤት ገባሁ። ጋሼ ነበሩ። በዚህ ጊዜ ዝም አላልኩም፤ ከላይ የጻፍኩትን ያህል ባይሆንም ነገርኳቸው። የልጅቷን ነገርም አነሣሁላቸው። እርሳቸውም እንደ ሌላው ቀን አላቋረጡኝም፤ ሲኒያቸውን እያዞሩ ሰሙኝ። የልጅ ልጃቸው በዚያ ክረምት በብስክሌት ወደ ሥራ መሄድ መጀመሩን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሲጨርሱ ግን እንዲህ አሉኝ፦ «መልካም፤ ዳኛው ልክ ነው እንበል። እኔ ደንበኛዬን የት ላውርድ? ስለዚህስ ፍርዱ ምን ይላል?»

ስለዚህ ፍርዱ ምንም አይልም። ፍርድ ቤት የመኪና ማቆሚያ አይቀይስም። ይህ የከተማው ሥራ ነው፤ ከተማውም፣ እኛ የመስመሩ ደጋፊዎችም፣ ታክሲ ነጂውን ጠላት አድርገን በማየት ስንት ዓመት ሳንመልስለት የቆየን ጥያቄ ነው። በየሁለት መስቀለኛው ለአጭር ጊዜ የሚቆምበት፣ አቅመ ደካማ የሚወርድበት ቦታ ቢኖር መስመሩ ምንም አይጎድልበትም። ለዳንፎርዝ የምክር ቤት አባል የሚላክ ደብዳቤ አርቅቄአለሁ፤ ጋሼ ቦታዎቹን አንድ በአንድ እየጠሩ አስጽፈውኛል፤ ከስድስቱ ቦታዎች በሁለቱ አልተስማማንም።